ቴሰራክትን አውርዶ መጫንና አማርኛ እንዲያነብ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሰራክት በስካን ወይም በፎቶግራፍ መልክ የተቀመጠን የታተመ ጽሑፍ አንብቦ ሊታረም፣ ሊፈለግና ሊገለበጥ ወደሚችል ጽሑፍ የሚለውጥ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሶፍትዌሩን ለአማርኛ ሥራ ሊጠቀሙበት የሚፈልጉ የመዝገብ ቤትና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ትእዛዞችና የፋይል ስሞች እዚህ የተጻፉት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ሲተየቡ ግን፣ የተለየ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት መሆን አለባቸው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቴሰራክት ከየት የመጣ ነው? አሁንስ ማን ይንከባከበዋል?

ሥራው የተጀመረው በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ውስጥ ሲሆን፣ ከ1985 እስከ 1994 ድረስ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል በሚገኘው ቤተ ሙከራና በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ግሪሊ ከተማ ባለው ክፍል ሲሠራ ቆይቷል። ኩባንያው ኮዱን በ2005 ለሕዝብ ክፍት አደረገው፤ ከ2006 እስከ 2018 ጉግል ልማቱን ሲደግፍ ከቆየ በኋላ፣ ዛሬ በየአገሩ ባሉ ፈቃደኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅ ይገኛል።

ከእትሞቹ ሁሉ ለአማርኛ ተጠቃሚ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በ2018 የወጣው 4ኛው ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፊደል በቅርጹ ለየብቻ ለመለየት ይሞክር ነበር፤ ከ4ኛው እትም ወዲህ ግን ኤልኤስቲኤም በሚባለው የነርቭ መረብ ስልት አማካይነት ሙሉውን መስመር አያይዞ ያነባል። ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 33ቱ ፊደሎቻችን በሰባት በሰባት ቅርጽ ሲቆጠሩ 231 ስለሚሆኑ፣ ብዙዎቹም በአንዲት ትንሽ ጭረት ብቻ ስለሚለያዩ፣ ፊደሉን ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ ማንበብ ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም የላቀ ነው። 5ኛው እትም በኖቬምበር 2021 ወጥቷል፤ ዛሬ አዲስ የሚጭን ሰው መጫን ያለበት ይህንኑ ነው።

ላይብረሪ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ፕሮግራም?

ሁለቱም ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው ሊብቴሰራክት በሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች በሚጠሩት የኮድ ስብስብ) ውስጥ ሲሆን፣ ቴሰራክት የሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ያንን ላይብረሪ የሚጠራ ቀጭን መግቢያ በር ነው። በመዳፊት የሚጫኑት ቁልፍና መስኮት የለውም። ብዙ ሰዎች ጭነው ሲጨርሱ ዴስክቶፑ ላይ የሚከፈት ነገር አጥተው «አልተጫነም» ይላሉ፤ ይሁንና ተጭኗል፤ የሚጠራው ትእዛዝ ከሚተየብባቸው መስኮቶች፣ ማለትም ከተርሚናል ወይም በዊንዶውስ ላይ ከኮማንድ ፕሮምፕት ነው። መስኮት ያለው ነገር የግድ የሚያስፈልገው ሰው ጂኢሜጅሪደርን የመሳሰሉ፣ ቴሰራክትን ከበስተኋላ የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞችን መጫን ይችላል።

ይከፈልበታል? በመሥሪያ ቤትና በንግድ ሥራ ውስጥ መጠቀም ይፈቀዳል?

አይከፈልበትም። የወጣው በአፓቺ ፈቃድ 2.0 ሥር ነው፤ ይህም ማለት ለግል፣ ለመሥሪያ ቤትም ሆነ ለንግድ ሥራ መጠቀም፣ መለወጥና በራስዎ ምርት ውስጥ አካትቶ መሸጥ ይፈቀዳል ማለት ነው። አካትተው ሲያሰራጩ የፈቃዱን ቅጂና የባለመብትነት መግለጫዎቹን አብረው ማስቀመጥ፣ የለወጧቸውን ፋይሎችም እንደለወጡ መግለጽ ይጠበቅብዎታል።

ሰነዴ ፒዲኤፍ ነው፤ በስክሪን ላይ አማርኛው በትክክል ይታያል። ለምን በምስል ንባብ ማለፍ ያስፈልገኛል?

ይህ ጥያቄ ከሌሎች አገሮች ተጠቃሚዎች ይልቅ የእኛን ሰው የሚመለከት በመሆኑ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ወደሚሰጠው ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚተየበው የላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ሰነድ ሲከፍቱት ገጹ ያማረ አማርኛ ነው፤ አንዱን አንቀጽ ገልብጠው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደላት፣ የነጥቦችና የምልክቶች ዝብርቅ ይሆናል። ዓይን የሚያየው አማርኛ ቢሆንም ኮምፒውተሩ የያዘው አማርኛ አይደለም፤ ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ «አዋጅ» ብለው ቢፈልጉ አንድም ውጤት አያገኙም።

የፎንቱ ዓይነት ከታወቀና ኮዱን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ከተገኘ ያ መንገድ ይመረጣል፤ ፊደል በፊደል ስለሚተካ የንባብ ስህተት አይገባበትምና። መለወጫው ካልተገኘ፣ ወይም ሰነዱ ከመጀመሪያውም ስካን ከሆነ፣ ቀሪው መንገድ ገጹን ወደ ምስል ቀይሮ ለቴሰራክት መስጠት ነው። ቅርጹ ትክክል እስከሆነ ድረስ ከበስተኋላው ያለው ኮድ ምንም ይሁን ምን ለውጥ አያመጣም።

ምን ምን ማውረድ አለብኝ?

ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ሦስተኛውን ግን ራስዎ መጠየቅ አለብዎት። የመጀመሪያው ራሱ ቴሰራክት ነው። ሁለተኛው ምስሎችን የሚከፍትለትና የሚያጸዳለት ሌፕቶኒካ የሚባል ሌላ የክፍት ምንጭ ላይብረሪ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ጥቅል አስተዳዳሪ (ሶፍትዌር አውርዶ የሚጭነው ፕሮግራም) ሳይነግሩት ያመጣዋል። ሦስተኛው የአማርኛው የቋንቋ ፋይል ነው፤ ስሙ «ኤኤምኤች.ትሬይንድዳታ» ሲሆን፣ ኤ፣ ኤም እና ኤች የአማርኛ ዓለም አቀፍ ባለሦስት ፊደል መለያ ናቸው። ያለዚህ ፋይል ቴሰራክት አንድም የአማርኛ ፊደል አያውቅም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው፣ «ቴሰራክት ለአማርኛ አይሠራም» ብለው ሥራውን የተዉ ሰዎች ኮምፒውተር ሲታይ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይኸው አንድ ፋይል ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

የቋንቋ ፋይሉ በሦስት ዓይነት ይቀርባል። ቴስዳታ_ቤስት የሚባለው ከሁሉ የተሻለ ንባብ ቢሰጥም ቀርፋፋ ነው። ቴስዳታ_ፋስት ፈጣን ሲሆን፣ ከሊኑክስ ዓይነቶቹ ከኡቡንቱና ከዴቢያን ጋር የሚመጣው ይህ ነው። ቴስዳታ ብቻ የሚባለው ደግሞ የቀድሞውን ስልትም ለሚደግፉ ቋንቋዎች ሁለቱን ስልቶች አጣምሮ የያዘ ነው። ለመሞከር ፋስት ይበቃል፤ መጽሐፍ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ የሚገለብጥ ሰው ግን ጊዜውን ሰጥቶ ቤስትን ቢጠቀም እመክራለሁ፤ አንድን ስህተት በእጅ ለማረም የሚፈጀው ጊዜ ኮምፒውተሩ ከሚዘገይባቸው ሰከንዶች ይበልጣልና። ከቋንቋ ፋይሉ ሌላ «ኢትዮፒክ» የሚባል (የመጀመሪያው ፊደሉ በላቲን ትልቅ ፊደል የሚጻፍ)፣ በቋንቋ ሳይሆን በፊደሉ ላይ የተመሠረተ ፋይልም አለ፤ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና ትግርኛ ተቀላቅለው ሲገኙ እርሱን መሞከር ይጠቅማል።

በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ላይ እንዴት እጭናለሁ?

ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው። ተርሚናል ከፍተው በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎም «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቴሰራክት-ኦሲአር ቴሰራክት-ኦሲአር-ኤኤምኤች» ብለው ይጻፉ። ለትግርኛ መጨረሻውን «ቲአይአር» በሚለው ይተኩ። ላይብረሪውን ከራስዎ የሲ ወይም የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ጋር የሚያገናኙ ከሆነ «ሊብቴሰራክት-ዴቭ» የሚባለውን ጥቅል ይጨምሩ። አፕት የሚያወርዳቸውን ጥቅሎች ዲጂታል ፊርማ ራሱ ስለሚያረጋግጥ ለብቻ የሚደረግ ምርመራ አያስፈልግም።

ኡቡንቱ 22.04 የሚሰጠው እትም 4.1.1 ሲሆን፣ 24.04 የሚሰጠው 5.3.4 ነው። አሮጌውን የያዘ ሰው ለዚህ ብሎ ሙሉ ሲስተሙን መቀየር የለበትም፤ 4ኛውም በመስመር የሚያነብ ስለሆነ ለአማርኛ ይሠራል።

በዊንዶውስ ላይስ?

የቴሰራክት ሰነድ ራሱ ለዊንዶውስ የሚጠቁመው በጀርመን አገር የማንሃይም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀውን መጫኛ ነው። ከሌሎች የማውረጃ ድረ ገጾች የሚገኘውን አይውሰዱ፤ ነጻ የሆነን ሶፍትዌር ከማይታወቅ እጅ ተቀብሎ ቫይረስ የሚያስገባበት ምክንያት የለም።

በመጫኑ ሂደት ውስጥ የሚካተቱትን ክፍሎች የሚያስመርጥ አንድ ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው በዚያ ገጽ ላይ ሳይቆም «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል፤ የሚሳሳተውም እዚያ ነው። «ተጨማሪ የቋንቋ ዳታ» ከሚለው መስመር ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ተጭነው ዝርዝሩን ይክፈቱ፣ ወደ ታች ወርደው አማርኛ የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉ። ፋይሉ በዚያው ሰዓት ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ግንኙነቱ መጫኑ እስኪያልቅ መቋረጥ የለበትም።

ስለሚጫንበት ፎልደር አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚሰጡት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መጫኛው በሚያቀርበው ወይም በአዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ ብቻ ይጫኑ። ሶፍትዌሩ ሲነቀል የተጫነበትን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ይሰርዛል፤ ስለዚህ የራስዎ ሰነዶች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ከጫኑት፣ የነቀሉት ዕለት ሰነዶችዎም አብረው ይጠፋሉ።

በመጨረሻም የተጫነበትን ፎልደር አድራሻ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በሚዘረዝረው፣ «ፓዝ» በሚባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያ ካልሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት ቴሰራክት የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ይልዎታል። ፓዝን ካስተካከሉ በኋላ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረውን መስኮት ዘግተው አዲስ ይክፈቱ፤ የድሮው መስኮት ለውጡን አያየውም።

በማክ ላይስ?

ሆምብሩ የሚባለው የማክ ጥቅል አስተዳዳሪ ካለዎት «ብሩ ኢንስቶል ቴሰራክት» ይበቃል፤ ሆኖም ከቋንቋዎች እንግሊዝኛን ብቻ ነው የሚያመጣው። አማርኛን ጨምሮ ቀሪዎቹ ቋንቋዎች በሙሉ የሚገኙት «ብሩ ኢንስቶል ቴሰራክት-ላንግ» በሚለው ነው።

በትክክል መጫኑን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ትእዛዞች ይስጡ። «ቴሰራክት --ቨርዥን» እትሙንና አብሮት ያለውን ሌፕቶኒካ ያሳያል። «ቴሰራክት --ሊስት-ላንግስ» የተጫኑትን ቋንቋዎች ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ ኤኤምኤች የሚለው ከሌለ ሌላ ምንም ነገር ከመሞከርዎ በፊት እርሱን ያስተካክሉ።

ከዚያ አንድ ንጹሕ ገጽ ይስጡትና «ቴሰራክት ገጽ1.ፒኤንጂ ውጤት -ኤል ኤኤምኤች» ብለው ይጻፉ። በፎልደሩ ውስጥ «ውጤት» በሚለው ስም የጽሑፍ ፋይል ይፈጠራል፤ የፋይሉን ቅጥያ ቴሰራክት ራሱ ስለሚጨምረው እርስዎ አይጻፉት። የቋንቋውን ምርጫ ከረሱት ሶፍትዌሩ ገጹ እንግሊዝኛ እንደሆነ አድርጎ ያነበዋል፤ ፊደሎቻችንን ከመሰሉት የላቲን ፊደላት ጋር እያመሳሰለ ትርጉም የሌለው ረድፍ ያወጣል። ውጤትዎ እንዲህ ያለ ከሆነ የጎደለው ያ ምርጫ ነው።

የአማርኛውን ፋይል አውርጄ አስቀምጬዋለሁ፤ ግን «ቋንቋውን መጫን አልተቻለም» ይለኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው።

በመጀመሪያ የፋይሉን ይዘት ይመርምሩ። እኔ ራሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ ላይ አሳልፌያለሁ። የኮድ ማከማቻ ከሆነ ድረ ገጽ ላይ የፋይሉን ስም በቀኝ ጠቅ አድርጌ «አስቀምጥ» አልኩት፤ ስሙም ትክክል ነበር፣ ቦታውም ትክክል ነበር፣ ቴሰራክት ግን ደጋግሞ አልከፈትም አለኝ። በመጨረሻ ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር የድረ ገጽ ኮድ ሆኖ አገኘሁት። ያወረድኩት ፋይሉን ሳይሆን ፋይሉን የሚያሳየውን ገጽ ነበር። መፍትሔው የፋይሉን ገጽ ከፍቶ የማውረጃ ቁልፉን ወይም «ሮው» የሚለውን መጫን ነው። የእርስዎ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ሲከፈት ሊነበብ የማይችል የምልክት ክምር ከሆነ ደኅና ነው፤ ሊነበብ የሚችል የድረ ገጽ ኮድ ከሆነ ግን ሰርዘው እንደገና ያውርዱ።

ሁለተኛ፣ ስሙን ይመልከቱ። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ፣ ብራውዘሩ በመጨረሻው ላይ «ቲኤክስቲ» ጨምሮበት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በፎልደሩ መስኮት ላይ ቅጥያዎች እንዲታዩ አድርገው ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ቦታውን ያረጋግጡ። ፋይሉ መቀመጥ ያለበት ቴስዳታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ከእንግሊዝኛው ፋይል ጎን ነው። ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ከፈለጉ ቴስዳታ_ፕሪፊክስ የሚባለውን ተለዋዋጭ፣ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ጽፈው፣ ወደዚያ ፎልደር ያመልክቱ። እዚህ ላይ በ3ኛው እትም ዘመን የተጻፉ መመሪያዎች ያሳስታሉ፤ ያን ጊዜ ተለዋዋጩ የሚያመለክተው ቴስዳታን የያዘውን የላይኛውን ፎልደር ነበር፤ ከ4ኛው ወዲህ ግን ራሱን የቴስዳታን ፎልደር ነው።

በፓይተን መጠቀም እፈልጋለሁ። «ፒፕ ኢንስቶል ፓይቴሰራክት» ብዬ ከጫንኩ በኋላ ቴሰራክት አልተገኘም ይላል። ለምን?

ፓይቴሰራክት በፓይተንና በቴሰራክት መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው እንጂ ቴሰራክትን በውስጡ አልያዘም። ስለዚህ አስቀድመው ከላይ በተገለጸው መንገድ ቴሰራክትን ራሱን መጫን አለብዎት። በዊንዶውስ ላይ ፓዝን ማስተካከል ካልቻሉ፣ በፕሮግራምዎ መጀመሪያ ላይ «ቴሰራክት_ሲኤምዲ» ለሚባለው ተለዋዋጭ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ቢሰጡት ችግሩ ይፈታል። ጽሑፉን በሚያወጣው ፈንክሽን ውስጥም «ላንግ» ለሚለው መለኪያ ኤኤምኤች የሚለውን መስጠት አይርሱ።

ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፤ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጭራሹን ኢንተርኔት የለውም። ምን ማድረግ ይቻላል?

የቋንቋ ፋይሉን ብቻ ከሆነ የሚያወርዱት «ደብልዩጌት -ሲ» የሚለው የማውረጃ ትእዛዝ ከቆመበት ይቀጥልልዎታል። ሙሉውን ሶፍትዌር ወደሌላ ኮምፒውተር ለመውሰድ ደግሞ ኢንተርኔት ባለው ኮምፒውተር ላይ በመጫኛው ትእዛዝ ውስጥ «--ዳውንሎድ-ኦንሊ» የሚለውን ይጨምሩ፤ አፕት ሳይጭን ጥቅሎቹን ብቻ አውርዶ «ቫር» ውስጥ፣ «ካሽ» ውስጥ፣ «አፕት» ውስጥ፣ «አርካይቭስ» በሚባለው ፎልደር ያስቀምጣቸዋል። እነሱን በፍላሽ ወስደው በሌላው ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ» በሚለው ይጫኗቸው።

ለዚህ አሠራር ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ እትም ሊኖራቸው ይገባል። በተጨማሪም አፕት በመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ያለን ጥቅል እንደገና አያወርድም፤ ስለዚህ ሌፕቶኒካ እዚያ ቀድሞ ተጭኖ ከነበረ በፍላሹ ውስጥ አይገኝም፣ በሁለተኛውም ላይ መጫኑ ይሰናከላል። አዲስ በተጫነ ኡቡንቱ ላይ ቢያወርዱ ከዚህ ይድናሉ።

ከምንጭ ኮዱ ራሴ ብገነባውስ?

አዲሱን እትም የግድ ካልፈለጉ ወይም ኮዱን ካልለወጡ በቀር አያስፈልግም። የሚገነቡ ከሆነ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ 17ን የሚደግፍ ኮምፓይለርና የሌፕቶኒካን የልማት ጥቅል አስቀድመው ይጫኑ፤ ከዚያ «አውቶጄን»፣ «ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል»፣ በመጨረሻም «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» በቅደም ተከተል ይሂዱ። የመጨረሻው ከተረሳ ፕሮግራሙ ላይብረሪውን አላገኘሁም ይላል። ከምንጭ የተገነባ ቴሰራክት የቋንቋ ፋይሎችን ይዞ አይመጣም።

ቴሰራክት ፒዲኤፍ አልከፍትም አለኝ።

ፒዲኤፍ ማውጣት እንጂ ማንበብ አይችልም። «ፖፕለር-ዩቲልስ» በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለውን «ፒዲኤፍቱፒፒኤም» የተባለ መሣሪያ ተጠቅመው፣ «-አር 300» በሚለው ጥራት ገጾቹን ወደ ምስል ይለውጡ። በማንበቢያው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ «ፒዲኤፍ» የሚለውን ቃል ከጨመሩ፣ ውጤቱ የገጹን ምስል እንዳለ የሚያሳይ፣ ከሥሩ ግን የማይታይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፒዲኤፍ ይሆናል። ለመዝገብ ቤት ሥራ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ንባቡ አንዳንድ ስህተት ቢኖረው እንኳ የሰነዱ መልክ ሳይነካ መፈለግ ይቻላልና።

ተጭኗል፣ ያነባልም፤ ግን ስህተቱ በዝቷል። እንዴት ላሻሽለው?

አስቀድመው ምስሉን ይመርምሩ። በ፣ ቡ እና ቢ የሚባሉትን ሦስት ፊደላት ያስተውሏቸው፤ ቡ በቀኝ እግሩ መሐል ላይ አንዲት ጭረት አለችው፣ ቢ ያችኑ ጭረት ከእግሩ ሥር ይዟታል፣ በ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ምስሉ ደብዛዛ ሲሆን መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት፤ እርሷ ከጠፋች ሰውም ቢሆን የሚለየው ከቃሉ ትርጉም ነው። ስለዚህ በስካነር ላይ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ዝቅተኛው መጠን ይሁን። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ወረቀቱን ዘርግተው፣ ጥላ ሳያጠሉበት፣ ከላይ ቀጥ ብለው ያንሱት። ፎቶውን በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል።

ቀጥሎ የገጹን አቀማመጥ ይንገሩት። «--ፒኤስኤም 6» ገጹ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል ነው ማለት ነው፤ «--ፒኤስኤም 7» አንድ መስመር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ምንም ካልነገሩት 3ን ወስዶ አቀማመጡን ራሱ ይገምታል። ከ1942 ጀምሮ ሲታተም የኖረውን ነጋሪት ጋዜጣን ለምሳሌ እንውሰድ፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠባብ ሲሆን ሶፍትዌሩ የአማርኛውን መስመር ጨርሶ ወደ እንግሊዝኛው ሊሻገርና የአዋጁን ሁለት ቅጂዎች መስመር በመስመር ሊያቀላቅላቸው ይችላል። «-ኤል ኤኤምኤች+ኢኤንጂ» በሚለው ሁለቱንም ቋንቋዎች በአንድነት ማስነበብ ይቻላል፤ እንዲህ ላለው ገጽ ግን ዓምዶቹን ለየብቻ ቆርጦ ግራውን በአማርኛ ብቻ፣ ቀኙን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስነበብ የበለጠ ንጹሕ ውጤት ይሰጣል። ሁለቱን ቋንቋዎች ማጣመር የሚጠቅመው በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ጣልቃ በሚገባበት ጽሑፍ ነው።

ከንባቡ በኋላ የሚፈልጉትን ቃል አላገኝ ካለዎት ስህተቱ የሶፍትዌሩ ላይሆን ይችላል። ቴሰራክት የታተመውን ነው የሚገለብጠው፤ አታሚው «ፀሐይ» ብሎ ጽፎ እርስዎ «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጉ አይገናኙም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እየለዋወጡ መፈለግ የግድ ነው።

ውጤቱ በጥያቄ ምልክት ወይም በባዶ ሳጥን ተሞልቶ ይታየኛል።

ጽሑፉ ትክክል ነው፤ የሚያሳየው መስኮት ነው ፊደሉ የሌለው። ቴሰራክት የሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ነው፤ የዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ግን የኢትዮጵያን ፊደል በቅጡ ላያሳይ ይችላል። ውጤቱን በፋይል አስቀምጠው በኖትፓድ ይክፈቱት። አሁንም ሳጥን ከታየ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉትን ነጻ ፎንቶች ይጫኑ።

የእጅ ጽሑፍና የብራና መጽሐፍ ያነባል?

አያነብም ብሎ መነሳት ይሻላል። የአማርኛው ሞዴል የተማረው ከታተመ ፊደል ነው፤ በብራና ላይ ግን የጸሐፊው እጅ፣ የቀለሙ መደብዘዝና ቃላትን የሚለዩት ሁለት ነጥቦች መጠጋጋት ያሳስቱታል።

ሰነዶቼ ምስጢራዊ ናቸው። ወደ ውጭ ይላካሉ?

አይላኩም። ንባቡ በሙሉ የሚከናወነው በእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ከተጫነ በኋላ የኢንተርኔት ገመዱን ነቅለው መሥራት ይችላሉ። የመታወቂያ፣ የሕክምናና የፍርድ ቤት ሰነዶችን በድረ ገጽ ላይ ወደሚገኝ አንባቢ መላክ ለማይገባው መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ለቆዩ መጻሕፍት ንባቡን ራሴ ላስተምረው እችላለሁ?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ፊደል ለቃሚ በእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ለቅሞ ያሰናዳው የቆየ መጽሐፍ ከኮምፒውተር ፎንት የተለየ መልክ አለው፤ ፊደሎቹ አንዳንዴ ቀለም ይበዛባቸዋል፣ አንዳንዴም ጥግ ጥጋቸው ተሸርፏል። ቴስትሬን የሚባለው መሣሪያ የሚፈልገው አንድ መስመር የያዘ ምስልና ያንኑ መስመር በትክክል የያዘ የጽሑፍ ፋይል ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲቀርቡለት ነው። መነሻ የሚሆነው የቤስት ፋይል ብቻ ነው፤ የፋስቱ ቁጥሮች ተጠጋግተው ስለተቀመጡ ትምህርት ሊቀጥልባቸው አይችልም።

እዚህ ድረስ ለመሄድ ባያስቡም እንኳ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድን ገጽ አርመው በጨረሱ ቁጥር የገጹን ምስልና የታረመውን ጽሑፍ በአንድ ስም፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ የመስመር አከፋፈሉን ሳይለውጡ ያስቀምጡ። ማስተማር በሚጀምሩበት ጊዜ ምስሉንና ጽሑፉን በየመስመሩ መቁረጥ ብቻ ይቀርዎታል።